የራቢያ ኪክፍሊፕ

ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከታክሲ መቆሚያው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ራቢያ የመኪና መለዋወጫ የምትሸጥበት ሱቅ አለ። ከጎኗ ገበያው የሚባል ጎሚስታ አለ፤ ከሁለቱ ፊት ለፊት ደግሞ ያን ጊዜ የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ስለዚህ የዚህን ታሪክ ግማሽ በመስኮቴ ነው ያየሁት። የቀረውን ራቢያና ባሏ ነስሩ አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቁ ነግረውኛል። ባልተስማሙበት ቦታ የራቢያን ወስጃለሁ፤ ነስሩ የሚኒባስ ሹፌር ስለሆነ ወሬም ላይ ፌርማታ ይዘላል።

ነገሩ የጀመረው በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ራቢያ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ሱቁን ያቋቋሙት አማቷ ወይዘሮ አዚዛ ናቸው፤ ራቢያ ሙሽራ ሆና በገባች በሦስተኛው ወር ከባንኮኒው ኋላ አቆሟት፣ እዚያው ቀረች። ዕቃ የምትለየው በጣቷ ነው። ጨለማው ጥግ እጇን ትሰድና «ይሄ የኮሮላ ነው፣ ይሄ የቮልስ» ብላ ታወጣለች። በሃያ ዓመት ውስጥ ከእሷ ሱቅ ወጥቶ የተመለሰ ዕቃ እንደሌለ ራሷ ናት የምትናገረው፤ እኛም ሲመለስ አላየንም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐሴት የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አራት ትንንሽ ጎማ ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ታቅፋ መጣች። የቂርቆስ ልጅ ናት፤ የሱሪዋ ጉልበት በሁለቱም በኩል ተተርትሯል።

«እትዬ፣ ትንሿ ኩሽኔታ አለች? ባለ ስምንት ሚሊ፣ ስምንት ፍሬ።»

«የምን መኪና ናት?»

«የመኪና አይደለችም፣ የስኬት ናት። ማለቴ፣ የዚህ የመንሸራተቻው ቦርድ።»

ራቢያ ለትንንሽ ሞተር የምትሸጠውን ኩሽኔታ ሰጠቻት። በነጋታው ሐሴት ተመለሰች። ጎማው እንደ ልብ አይዞርም፣ ይይዛል አለች። ገበያው ይህን ሰምቶ መዶሻውን አስቀመጠ። የራቢያ ዕቃ ተመለሰ!

ራቢያ ፊቷ ተለዋወጠ። ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ በጣቷ አዞረቻቸው። ለሞተር የተሞላው ግራሶ ለዚህች ትንሽ ጎማ በዝቶባታል። በቤንዚን አጠበቻቸው፣ አደረቀቻቸው፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አደረገችላቸውና መልሳ ገጠመች። ቦርዱን ገልብጣ አንዱን ጎማ በመዳፏ መታ ስታደርገው አልቆም አለ።

«ይዞራል» አለች በኩራት።

«አሪፍ ነው» አለች ሐሴት።

«ክብደት ሲያርፍበትስ?»

«እሱን እኔ እሞክረዋለሁ።»

«የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ የምሞክረውም እኔ ነኝ።»

ይህን ብላ ቀኝ እግሯን ቦርዱ ላይ አሳረፈች፤ ግራዋንም አስከተለች። ኩሽኔታው አንዳች እንከን እንደሌለበት የተረጋገጠው ያኔ ነው። ቦርዱ መንገዱን አቋርጦ እኔ ደጃፍ ድረስ መጣ። ራቢያ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ሄዳ ገበያው የደረደራቸው አሮጌ ጎማዎች መሃል አረፈች፤ አንደኛው ጎማ ውስጥ ልክክ ብላ ተቀምጣለች።

ገበያው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ብቅ አለና «ራቢያ፣ ነፋስ ልሙላልሽ?» አላት።

ሰፈሩ በዚህች ቀልድ አንድ ሳምንት ኖረ። ደንበኛ ሁሉ ሲገባ «ነፋስሽ ደህና ነው?» ይላል። ራቢያ አልተቆጣችም። ሌላ ነገር ነበር የምታስበው። ያደገችው ቂርቆስ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካሉት ጠባብ ሰፈሮች በአንዱ ነው። በልጅነቷ ሳንቃ ላይ ሦስት ኩሽኔታ ገጥመው ቁልቁለቱን ይለቁት ነበር። ወንድሞቿ ቁልቁለቱ ወገብ ላይ እግራቸውን ሲጎትቱ እሷ እስከ ታች ትወርድ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አባቷ «በቃ፣ ሴት ሆነሻል» አሉና ሳንቃውን ፈልጠው ማገዶ አደረጉት። «ከዚያ ወዲህ» አለችኝ በኋላ፣ «ጎማ ባለው ነገር የሄድኩት ታክሲ ተሳፍሬ ብቻ ነው።»

ሐሴት በሳምንቱ ብሎን ልትገዛ ስትመጣ ራቢያ ግራ ቀኝ ካየች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር ለመማር ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ለማን ነው እትዬ?»

«ለአንድ ለማውቃት ሴት።»

«ዕድሜዋ ስንት ነው?»

«ምን አገባሽ?»

ሐሴት ገባት። «ይንገሯት» አለች ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየያዘች፣ «እሑድ ጠዋት በአንድ ሰዓት ካዛንቺስ ትምጣ። ረጅም ቀሚስ አትልበስ።»

ካዛንቺስ ያን ጊዜ በየማዕዘኑ የሚፈርስና የሚሠራ ነገር ነበር። ሐሴትና ጓደኞቿ የሚለማመዱት ግንባታው በቆመ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት ነው፤ ወለሉ ሊሾ ሲሚንቶ ነው፣ እንደ ትሪ የለሰለሰ። ዘበኛው ጋሽ ዋቅቶላ የቀድሞ ወታደር ናቸው። መጀመሪያ በዱላ አባረዋቸው ነበር፤ በኋላ ከሦስት ሰዓት በፊት ወለሉን ጠርገው እንዲሄዱ ተስማምተው ፈቀዱላቸው። ራቢያ ስትገባ ሲያዩ ከወንበራቸው ተነሡ።

«እንኳን መጡ እህቴ። ልጅዎን ሊወስዱ ነው አይደል? ጥሩ አደረጉ።»

«አይ፣ ልማር ነው የመጣሁት።»

ጋሽ ዋቅቶላ ዜና ይሰሙ ነበር። ሬዲዮኑን ዘጉት።

ራቢያ የለበሰችው የነስሩን ሰማያዊ ቱታ ነው፤ የደረት ኪሱ ተቀዶ እሷው በቀይ ክር የሰፋችው። ጉልበቷና ክርኗ ላይ ከአሮጌ ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጣ አስራለች። ጋሽ ዋቅቶላ ከመጋዘን ቢጫ የግንበኛ ቆብ አመጡላትና ከሂጃቧ በላይ ደፉላት። ሐሴት ቀጥ ብላ እንድትቆም ነገረቻትና ከኋላዋ ዞራ ድንገት ገፋቻት። ራቢያ አንድ እርምጃ ተንገዳግዳ ዞረች።

«አንቺ ባለጌ!»

«ግራ እግርዎ ነው የቀደመው» አለች ሐሴት ወደ ኋላ እየሸሸች። «ሰው ሲገፋ ሳያስበው የሚያስቀድመው እግር ቦርዱ ላይ ፊት ይሆናል።»

«ብትጠይቂኝ እነግርሽ አልነበር?»

«ያውቁት ነበር?»

ራቢያ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች። «አላውቅም» አለች።

የመጀመሪያው ወር እንዲሁ በመቆም አለቀ። ጉልበት ሰበር፣ ትከሻ ዘና፣ ዓይን ወደ ፊት። እግሯን ካየች ትወድቃለች፤ ካላየች ደግሞ እግሯ የት እንዳለ አታውቅም። ሁለተኛው ወር መግፋት ነው፦ ፊተኛው እግር ቦርዱ ላይ፣ ኋለኛው መሬቱን እየቀዘፈ። ራቢያ ሁሉን ነገር ወደ ራሷ ቋንቋ ስትመልሰው ይገባታል። መግፋት ማርሽ ማስገባት ነው። መሪው ያለው ትከሻ ላይ ነው። ስትታጠፍ እጇን ዘርግታ ፍሬቻ ማሳየት ስትጀምር ሐሴት «ማዘር፣ ይሄ እኮ ግዴታ አይደለም» ብትላትም አልተወችም። ያስቸገራት ፍሬን ነው። የኋላ እግርን አውርዶ ጫማን መሬት ላይ መጎተት ማለት ነው፤ እሷ ግን እግሯን ስታወርድ ሌላውም አብሮ ይወርዳል።

ቤት ውስጥ ስፖርት ጀምሬያለሁ ብላለች። ነስሩ ደስ ብሎታል። ችግሩ የሚበልዘው ገላዋ ነበር። መጀመሪያ ክንዷ ሲጠቁር «የሱቁ መደርደሪያ ላይ ልወጣ ስል ወደቅሁ» አለችው። ነስሩ ሚስማርና መዶሻ ይዞ መጥቶ መደርደሪያውን አጠበቀ። በሦስተኛው ሳምንት ዳሌዋ ሲያብጥ እንደገና መደርደሪያው ነው አለች፤ ነስሩ በብሎን አሰረው። ቅንድቧ ሲሰነጠቅ በያጅ ይዞ መጣ። ያ መደርደሪያ ዛሬም ቢሆን ሕንጻው ፈርሶ እሱ የሚቀር ይመስለኛል።

ከዚያ ኦሊ መጣ። ኦሊ ማለት ቦርዱን በእጅ ሳይነኩ ከነቦርዱ መዝለል ነው። የዚህ ጨዋታ ፊደል ሀ እሱ ነው አሉ፤ እሱን ያልቻለ ሌላውን አይችልም። ሐሴት የቦርዱን ጭራ ቀጭ አድርጋ ስትረግጥ ፊቱ ይነሣል፣ የፊት እግሯን ወደ ላይ ስታንሸራትተው ቦርዱ ከእግሯ ጋር ተጣብቆ አየር ላይ ይወጣል። ራቢያ ስትረግጥ ግን ቦርዱ ይነሣል፣ ራቢያ ትቀራለች።

ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ጋሽ ዋቅቶላ ነገሩን እንደ ግዳጅ ይዘውታል። እሷ ስትዘል ሲሚንቶው ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አጣብቀው ጎማው መነሣት አለመነሣቱን ይመለከታሉ።

«ተነሣ?» ትላለች ራቢያ እያለከለከች።

«አልተነሣም።»

«አሁንስ?»

«የፊቱ ተነሥቷል። የኋላው ግን አቋሙን አልለቀቀም።»

መጋቢት ውስጥ አንድ እሑድ ራቢያ ደክሟት፣ ተናዳ፣ ምንም ሳታስብ ረግጣ ዘለለች። ጋሽ ዋቅቶላ ከተኙበት «አየር!» ብለው ጮኹ። «አየር አየሁ! ሁለት ጣት!» ልጆቹ ሁሉ ሮጠው መጡ። ሁለት ጣት ነበር፤ የጋሽ ዋቅቶላ ጣት ግን ወፍራም ነው። ያን ቀን ራቢያ ሱቅ ስትገባ እያፏጨች ነበር። ምን እንዳገኘች ስጠይቃት «ምንም። ትንሽ ከፍ ብዬ ነው» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ምስጢሩ የወጣው ግንቦት ላይ ነው። ያን እሑድ የሕንጻው ባለቤት ወኪል ሳይታሰብ በጠዋት ስለመጣ ጋሽ ዋቅቶላ ሁሉንም በጓሮ አስወጧቸው። ሐሴት «እንግዲያው ዛሬ ቁልቁለት ነው» አለች። ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል የሚያዘቀዝቀው መንገድ ጭር ብሏል። ራቢያ መሃሉን ይዛ ለቀቀችው።

በዚያው ሰዓት ነስሩ ካዛንቺስ ያሉትን ዘመዶቹን በሚኒባሱ ጭኖ ቄራ ወደሚደረግ ኒካህ ሊያደርሳቸው እየወረደ ነበር። ጋቢና የተቀመጡት እናቱ ወይዘሮ አዚዛ ናቸው። ራቢያ ከስፖርት በኋላ በራሷ እንድትመጣ ተነጋግረዋል። ነስሩ ፊት ለፊቱ ቢጫ ቆብ ያደረገ ሰው ቆሞ ሲወርድ አየ።

«እዩልኝ ይሄን እብድ!»

«ሴት ናት» አሉ ከኋላው የተቀመጡት አጎቱ።

«ሴት? ባል የላትም እንዴ የሚመክራት?» አለና ሊቀድማት ጎን ለጎን መጣ። መጀመሪያ ያየው ቀይ ክሩን ነው። እግሩ ነዳጁን ለቀቀ፤ አፉ ግን ትንሽ ዘገየ።

«ራቢያ!»

ራቢያ ዞራ አላየችውም፤ ዓይን ወደ ፊት ነው ሕጉ። «ነስሩ፣ አሁን አታናግረኝ! ቁልቁለት ላይ ነኝ!»

«ቁልቁለት ላይ መሆንሽንማ እያየሁ ነው! ስፖርት አይደል እንዴ ያልሽኝ?»

«ታዲያ ይሄ ምን ይመስልሃል?»

ሚኒባሱ ውስጥ ትርምስ ሆነ። ግማሹ «ጠጋ በልና ያዛት» ይላል፣ ግማሹ «አታስደንግጣት፣ ትወድቃለች» ይላል። አንዲት አክስት በመስኮት እጃቸውን አውጥተው ቱታዋን ለመያዝ ሞከሩ። በመጨረሻ ወይዘሮ አዚዛ ተናገሩ።

«ነስሩ፣ ከፊቷ ቅደምና ታች ያለውን መስቀለኛ መንገድ ዝጋላት። ወሬውን ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሜዳው ላይ ታወሩታላችሁ።»

ነስሩ ጥሩምባውን ተጭኖ ቀደመ፣ መስቀለኛው ላይ አግድም ቆመ። እንዲህ ታጅባ የወረደች ሙሽራ እንኳ የለችም። ራቢያ ሜዳው ላይ ስትደርስ እግሯን አወረደች፣ ጫማዋን ጎተተች፣ ቆመች። በሰባት ወር ውስጥ እንደዚያ ያማረ ፍሬን ይዛ አታውቅም። «በዚያች ሰዓት ግን» አለችኝ፣ «ብወድቅ ነበር የምመርጠው፤ ቢያንስ ያዝኑልኝ ነበር።»

ነስሩ በሩን ከፍቶ ወረደ። አሥራ አንድ ዘመድ መስኮት ላይ ተደርድሮ የሚመጣውን ይጠብቃል።

«መደርደሪያው!» አለ ነስሩ። «ሦስት ጊዜ ነው የሠራሁት! በሚስማር! በብሎን! በብየዳ!»

ወይዘሮ አዚዛ ቀስ ብለው ወርደው ቦርዱን ከመሬት አነሡት። ገልብጠው አንዱን ጎማ በጣታቸው አዞሩና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ማን ነው ያጠበው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«በቤንዚን?»

«በቤንዚን።»

«ጥሩ ነው» አሉ ወይዘሮ አዚዛ። «ነይ ግቢ፣ ኒካህ አርፍደናል። ቆቡን አውልቂው።»

ኒካሁ ላይ ወይዘሮ አዚዛ ለማንም አልተነፈሱም። ሌሎቹ አሥራ አንዱ ለሁሉም ተናገሩ።

ነስሩ አንድ ሳምንት አኮረፈ። በመንሸራተቷ እንዳልሆነ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ በመደርደሪያው ነው። እሑድ ሲደርስ ግን የሚኒባሱን ቁልፍ እያሽከረከረ በር ላይ ቆመና «እግረ መንገዴን ላድርስሽ» አላት። እግረ መንገዱ እስከ ሦስት ሰዓት ከጋሽ ዋቅቶላ ጎን መቀመጥ ሆነ። በወሩ ሁለቱ ስለ ጉልበት አሰባበር ይከራከሩ ነበር፤ አንዳቸውም ቦርድ ላይ ወጥተው አያውቁም።

ከኦሊ ቀጥሎ በአየር ላይ ግማሽ ዞሮ ማረፍ ነበር፤ እሱን በክረምቱ ቻለችው። ከዚያ ኪክፍሊፕ መጣ። ነገሩን ባንኮኒዬ ላይ የሞባይል ቀፎዋን እያገላበጠች ነበር ያስረዳችኝ። እንደ ኦሊ ትዘያለሽ፤ አየር ላይ ሳለሽ በፊት እግርሽ ጣት የቦርዱን ጠርዝ ጫር ታደርጊዋለሽ፤ ቦርዱ ከሥርሽ ሙሉ ዞሮ ሲመጣ በሁለት እግርሽ ትቀበይዋለሽ።

«ዋናው ችግር» አለችኝ፣ «ከእኔ ወጥቶ የተመለሰ ዕቃ አለመኖሩ ነው።»

አልተመለሰም። ወይ ግማሽ ዞሮ በጀርባው ይወድቃል፣ ወይ ቅልጥሟን ይመታል። ቅልጥሟ የድንች ማሳ መሰለ። የጎማዎቹ ብረት ደረቅ ሆኖባት ከሱቋ ለሞተር መቀመጫ የሚሆን ጎሚኒ የሚሉትን ላስቲክ ቆርጣ ገጠመችለት፤ ለሰለሰ። ይህን ያዩ የሐሴት ጓደኞች የየራሳቸውን ቦርድ ይዘው ሱቋ መጉረፍ ጀመሩ። ገበያውም መቀለዱን ትቶ ልጆቹ የሚቀመጡበት ጎማ በረድፍ ያወጣ ጀመር። አንድ ቀን ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ለምን እንዲህ እንደምትሰቃይ ጠየቅኋት።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ዕቃ ሲጠይቀኝ ነው የምውለው። አየር ላይ ስሆን ማንም ምንም አይጠይቀኝም። አጭር ናት፣ ግን የራሴ ናት» አለችና ወዲያው አፈረች መሰለኝ፣ ደንበኛ ያዘዘውን የሞተር ሻማ ልትፈልግ ገባች።

በ2007 ጥር፣ ረቡዕ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ደንበኛ ጠፍቶ ራቢያ ደጃፏ ላይ ትሞክር ነበር። ገበያው ጭንቅላቱን አይሱዙ ሥር ቀብሯል። እኔ ማሽኑ ወረቀት ይዞብኝ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ እታገላለሁ። አንድ ደላላ ግድግዳ ተደግፎ ስልክ ያወራል፤ ፊቱ ወደ ግድግዳው ነው። ቀጭ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ድም የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ራቢያ ቦርዱ ላይ ቆማለች፤ እጇን እንደዘረጋች አትወርድም፣ ማስረጃ እንዳይጠፋ።

«አያችሁ?»

«ምኑን?» አልን ሦስታችንም።

ያን ዓይነት ፊት ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። እስከ ማታ ሃምሳ ጊዜ ሞከረች፣ አልደገመላትም። ጋሽ ዋቅቶላ ሲነገራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «እህቴ፣ እኛ ጦር ሜዳ ላይ ምስክር የሌለው ጀብዱ አንመዘግብም ነበር።» ነስሩ ደግሞ «እኔ አምንሻለሁ» አላት፤ ልጅ በሚያባብል ድምፅ ስለነበር ሁለት ቀን አኮረፈችው።

በአራተኛው እሑድ፣ ካዛንቺስ፣ ዘጠኝ ሰው እያየ ሠራችው። ቦርዱ ከሥሯ ዞረ፣ ተመለሰ፣ ሁለቱም እግሮቿ ላዩ ላይ አረፉ፣ እሷም እየተንሸራተተች ግድግዳው ድረስ ሄደች። ሐሴት አንገቷ ላይ ተጠምጥማ «ማዘር! ማዘር!» እያለች ታለቅሳለች። ጋሽ ዋቅቶላ ቀጥ ብለው ቆመው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ። ነስሩ አይቻለሁ ይላል። ራቢያ ግን ሳምቡሳ ሊገዛ ወጥቶ እንደነበር ትናገራለች፤ ሌሎቹን ምስክሮች ጠይቄያለሁ፣ ሳምቡሳው ትኩስ ነበር ብለውኛል።

ሁልጊዜ እንዲህ አላማረላትም። በዓመቱ ሦስት ደረጃ ልዘል ብላ የእጅ አንጓዋን ሰበረች፤ ስድስት ሳምንት በአንድ እጇ ኩሽኔታ ሸጠች። ሕንጻውም ተሠርቶ አለቀ፣ መስታወት ለበሰ፣ ሴራሚኩ አበራ። ጋሽ ዋቅቶላ የደንብ ልብስና ፊሽካ ተሰጣቸው። ራቢያና ሐሴት፣ በኋላ የተጨመሩ አራት ሴቶችም ሆነው አንድ እሑድ ሲመጡ ጋሽ ዋቅቶላ በሩ ላይ ቆመው ፊሽካቸውን ነፉ።

«እዚህ መንሸራተት ክልክል ነው!» አሉ ከበሩ በላይ ለተተከለው ካሜራ እንዲሰማ ጮክ ብለው። ካሜራ ድምፅ እንደማይሰማ ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ጠጋ ብለው አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «ከኋላ በኩል፣ ሁለተኛው ቅያስ፣ አዲስ የተጀመረ ሕንጻ አለ። ዘበኛው የአገሬ ልጅ ነው፤ ነግሬዋለሁ።»

ሄዱ። ወለሉ ሻካራ ነው፣ አሸዋውም አልተነሣም። ራቢያ ተንበርክካ በጣቷ ዳሰሰችው።

«ሲሚንቶ ቆጥበውበታል» አለች። ሐሴት መጥረጊያ ፍለጋ ወጣች፤ ሌሎቹ አሸዋውን በካርቶን መግፋት ጀመሩ። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ጠረጉ፣ ከዚያ ራቢያ ከሁሉ ቀድማ ቦርድ ይዛ ወጣችበት።